ቀን ሥራ፣ ማታ ፊልም፦ ለሳሎን የሚሆን ርካሽ ኮምፒውተር እንዴት ይሰናዳል?

እናቴ ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰክታ ፊልሙን ከፈተች። ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ስክሪኑ ግርጌ ላይ «የድምፁ ዓይነት አይደገፍም» የሚል ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። «ልጄ፣ ይሄ ቲቪ ተበላሸ መሰለኝ» አለችኝ። በዚያው ሰዓት እህቴ ጥግ ላይ ተጎንብሳ፣ ግማሹ ቁልፍ በማይሠራ ላፕቶፕ አሳይመንት ትጽፋለች። የምትማረው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ነው። ዓርብ ማታ የሀረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ትመጣለች፣ እሁድ ትመለሳለች።

ቲቪው አልተበላሸም ነበር። የሁለቱም ችግር በአንድ ዕቃ ሊፈታ እንደሚችል የገባኝም ያን ቀን ነው። ከቲቪው ጎን የሚቀመጥ ትንሽ ኮምፒውተር ማታ ፊልም ያሳያል፣ ቀን ይጻፍበታል። ይህን ለሰው ስነግር የሚመጣው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «ለዚህ እኮ ኃይለኛ ማሽን ይፈልጋል»። አይፈልግም። ለምን እንደማይፈልግ ለመረዳት ፊልም ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይበቃል።

ለምን አሁን?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አዲስ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ቲቪ ግን ብዙ የከተማ ቤት አለ። ስለዚህ ስክሪኑ ተገዝቷል ማለት ነው።

ሌላው ነገር ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህ የተነሳ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል የሚችሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች «ጊዜው አልፎበታል» ተብለው ይሸጣሉ። ቢሮ የጣለው ለሳሎን ደህና ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ፊልም ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ፉል ኤችዲ ምስል ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥብ አለው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንዷ ምስል ብቻዋን 6 ሜጋባይት ገደማ ናት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የሁለት ሰዓት ፊልም እንዳለ ቢቀመጥ ከ1,000 ጊጋባይት ይበልጣል። በፍላሽ የምትቀባበሉት ፊልም ግን 2 ጊጋ ነው። የቀረው የት ሄደ?

ድርቆሽን አስቡት። እንጀራው ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ይቀላል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ለመንገድ ይመቻል። ሊበላ ሲል ግን ውሃ ነክቶት መራስ አለበት። ቪዲዮም እንደዚያው ነው። ለመያዝ እንዲቀል ይጨመቃል፣ ሊታይ ሲል ይፈታል።

የሚጨመቀው ያልተለወጠውን ነገር ደጋግሞ ባለመጻፍ ነው። ዜና አንባቢው ሲያወራ ከጀርባው ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ግድግዳው አንዴ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው የከንፈሩና የዓይኑ እንቅስቃሴ ነው። ይህ የመጭመቂያና የመፍቻ ስልት ኮዴክ ይባላል። ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ኤች 264 በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ነው፤ ሁሉም ማሽን ያውቀዋል። ኤች 265 ወይም ኤችኢቪሲ የሚባለው በፈረንጆቹ 2013 መጣ። ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፊልም በግማሽ ገደማ መጠን ያስቀምጣል። ከዚያ በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ኤቪ 1 አለ፤ ዩቲዩብ ብዙ ይጠቀምበታል።

የበለጠ የተጨመቀ ነገር ሲፈታ የበለጠ ሥራ አለው። ሥራውን ማን ይሠራዋል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰር ሁሉን የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ይሞክራል፣ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ፊልሙም ስታክ ያደርጋል። ሁለተኛው እዚያው ቺፕ ውስጥ ያለች፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራች ትንሽ ክፍል ናት። ሃርድዌር ዲኮደር ትባላለች። የምታውቀው ኮዴክ ከሆነ ሳትደክም ትፈታዋለች። የማታውቀው ከሆነ ግን ፈጽሞ አትነካውም።

የእናቴ ቲቪ ችግርም ይኸው ነበር። ቲቪ ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ የሚያውቃቸው የምስልና የድምፅ ዓይነቶች ፋብሪካ ውስጥ ተወስነው ያለቁ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ግን ቪኤልሲ የሚባለውን የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም በነፃ ትጭኑና ድምፁ ይመጣል።

እና የትኛው ማሽን ይበቃል?

የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን እንይ፤ ያገለገለ ገበያ ላይ አብዛኛው እሱ ነው። 4ኛ ጀነሬሽን ኤች 264ን በደንብ ይፈታል፣ ኤች 265 ላይ ግን ይቸገራል። 6ኛው የኤች 265ን ተራ ዓይነት ይፈታል። አሁን አሁን የሚበዛው ባለ 10 ቢት የሚባለው፣ ቀለሙ የበለፀገው ዓይነት ነው። እሱን ያለ ጭንቀት የሚፈታው ከ7ኛው ጀምሮ ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 8ኛውን ይጠይቃል። ኤቪ 1ን በሃርድዌር መፍታት የተጀመረው በ11ኛው ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 11 ከፈለጋችሁ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ሊኑክስ (የዊንዶውስ ነፃ አማራጭ) ከተመቻችሁ 7ኛ። ከዚያ በላይ ያለው ለዚህ ሥራ ትርፍ ወጪ ነው። ኮር አይ ስሪም ይበቃል፤ ኮር አይ ሰቨን ፍለጋ አትድከሙ። ጀነሬሽኑ አንድ እስከሆነ ድረስ ለፊልም የምትሠራው ዲኮደር በአይ ስሪም፣ በአይ ፋይቭም፣ በአይ ሰቨንም ላይ ያው ናት። ይህን ሻጭ ላይነግራችሁ ይችላል።

ጀነሬሽኑ የሚታወቀው ከቁጥሩ ነው። «ኮር አይ ፋይቭ 8500ቲ» ከተባለ የመጀመሪያው 8 ጀነሬሽኑ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቲ ትንሽ መብራት የሚበላ ዓይነት መሆኑን ይናገራል።

በተለይ ፈልጉ የምላችሁ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያላቸውን የቢሮ ኮምፒውተሮች ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ይባላሉ። ድምፃቸው አይሰማም። ፊልም ሲያሳዩ የሚወስዱት ከ20 ዋት ብዙ አይርቅም። በቀን አምስት ሰዓት ብታዩ በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ውስጡ 8 ጊጋ ራም ይኑረው። ቢቻል ሁለት ባለ 4 ጊጋ ይሁን፤ የምስሉ ክፍል ከዚያው ራም ስለሚጋራ በሁለት መንገድ ሲቀዳ ይፈጥንለታል። ሃርድ ዲስክ ካለው አውጡና ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ) አስገቡበት። ከጠቅላላው ወጪ በጣም የሚሰማችሁ ለውጥ ይህ ነው። 240 ጊጋ ይበቃል፤ ፊልሙን አሮጌው ሃርድ ዲስክ ወይም ኤክስተርናል ላይ አስቀምጡ። አንድ ቴራ ላይ ባለ 2 ጊጋ ፊልም ወደ 450 ይገባል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልፈትነው?

ወደ ሱቁ ከመሄዳችሁ በፊት ባለ 10 ቢት የኤች 265 ፊልም በፍላሽ ያዙ። ፊልሙን አስከፍቱት። እየሄደ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተው መስኮት ታስክ ማናጀር ይባላል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩና ጂፒዩ (የምስሉ ክፍል) ውስጥ «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን ሳጥን እዩ። መስመሩ ከፍ ብሎ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ዝቅ ካለ ዲኮደሯ እየሠራች ነው። ሲፒዩው 80 እና 90 በመቶ ከነካ እዚያው ተዉት። እኔ ፒያሳ ሁለት ማሽን በዚህ መንገድ ፈትኜ ነው ሦስተኛውን የገዛሁት። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም።

የኤሌክትሪክ አስማሚው (ቻርጀር የምንለው ጥቁሩ ሳጥን) የራሱ ኦሪጅናል መሆኑንም አረጋግጡ።

ከጀርባ ያለው ቀይ ማብሪያ ምንድን ነው?

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ከዚህኛው በፊት ትልቅ ኬዝ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ነበር። ቤት አምጥቼ ሰካሁት። ገና የማብሪያውን ቁልፍ ሳልነካ ከጀርባው «ጧ!» አለ። የተቃጠለ ነገር ሽታ ሳሎኑን ሞላው። እናቴ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

በኋላ ኬዙን ገልብጬ ሳይ፣ የመብራት ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀይ ማብሪያ አለች። አንድ ጎኗ 115፣ ሌላው 230 ይላል። እሷ 115 ላይ ነበረች። ዕቃው የመጣው መብራታቸው 110 እና 120 ቮልት ከሆነ አገር ይሆናል። የኛ 220 ነው። ማብሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያድለው ክፍል) የገባለትን ቮልት እጥፍ አድርጎ ይሠራል። 220 ሲገባ እጥፉ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ከሚችሉት በላይ ይሆንና ይፈነዳሉ። ሻጩም አላየም፣ እኔም አላየሁም።

ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች ይህ ችግር የለባቸውም። አስማሚያቸው ላይ «100–240» ተጽፏል። ከሁለቱም ጋር ይሠራል፤ መብራቱ 170 ቢወርድ እንኳ አይጠፋም። እኔ ትንሹን የመረጥኩበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣስ?

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት ያስተካክላል። መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ውስጡ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ የምትፈለገው ፊልሙን ለመጨረስ ሳይሆን የተጻፈውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓቱ ለመዝጋት ነው። ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ኮምፒውተሩን ብቻ ስኩ። ቲቪውን ከጨመራችሁበት ቶሎ ያልቃል።

ዩፒኤስ መግዛት ካልተቻለ ሌላ መላ አለ። መብራት እንደሄደ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አትስኩ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አመጣጡ ነው። ኮምፒውተሩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥም መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳ ወይስ ጠፍቶ ይቆይ የሚል ምርጫ አለ። ጠፍቶ ይቆይ በሉት።

ቲቪ እንደ ሞኒተር ይሆናል ወይ?

ይሆናል፣ ግን ማስተካከል ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ የስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጦ መታየቱ ነው። የዊንዶውስ የታችኛው መስመር ግማሹ አይታይም። ይህ ከድሮው የቱቦ ቲቪ የመጣ ልማድ ነው፤ ያኔ የምስሉ ጠርዝ ስለሚበላሽ ቲቪው ምስሉን አስፍቶ ጠርዙን ይደብቀው ነበር። ዛሬ አያስፈልግም። በቲቪው ሪሞት ፒክቸር ሳይዝ ውስጥ ገብታችሁ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ።

ሁለተኛው ችግር ፊደሉ መደብዘዙ ነው። ቲቪ ለፊልም ብሎ የቀለሙን ዝርዝር ይቀንሳል። ለፊልም አይታይም፤ ነጭ ላይ ለተጻፈ ቀይ ፊደል ግን ያስጠላል። የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ስሙን «ፒሲ» በሉት። ብዙ ቲቪዎች ይህን ሲያዩ ምስሉን ሳይነኩ እንዳለ ያሳዩታል። እህቴ ጽሑፉን አይታ «አሁን ነው ዓይኔ ያረፈ» ያለችው ይህን ከቀየርኩ በኋላ ነው።

የቲቪው ዓይነትም ይለያል። ብዙ ባለ 32 ኢንች ቲቪዎች 1,366 በ768 ናቸው። ለፊልም ደህና ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ይጠባሉ። ፎርኬ ቲቪ ካላችሁ የኮምፒውተሩን መውጫ እዩ። አሮጌው ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው፤ ማውሱ ይጎተትባችኋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ግን 60 ያደርሳል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት ስላላቸው ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር መቀየሪያ ግዙ፤ ስትገዙም ፎርኬ 60 የሚል ይሁን። ተራ ፉል ኤችዲ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስጨንቃችሁም።

ሪሲቨሩን አትንቀሉ። ኮምፒውተሩ የዲሽን ቦታ አይተካም። ሪሲቨሩ አንደኛው ኤችዲኤምአይ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሁለተኛው ላይ ይቀመጥ።

ሳሎን ውስጥ የት ይቀመጥ?

ብፌው ውስጥ ገብቶ በር አይዘጋበት። ዳንቴልም አይልበስ። እናቴ የኛን በሁለተኛው ቀን ነጭ ዳንቴል አልብሳው አገኘሁት፤ ቆንጆ ነበር፣ ግን የአየር መግቢያው ከላይ ነው። አሁን ዳንቴሉ ከሥሩ ነው፣ እሱ ከላይ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር ከባሕር ጠረፍ ከተማ ያነሰ ነው። ብርዳችን ግን ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ነገሩ ይለያል፤ ሙቀቱም አቧራውም አለ። በየሦስት ወሩ ክዳኑን ከፍታችሁ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ። ስትጠርጉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር።

ሶፋ ላይ ሆኜ እንዴት አዝዘዋለሁ?

ማውሱ አብሮት ያለ ገመድ አልባ ኪቦርድ በጣም ይመቻል። የዩኤስቢ መቀበያውን ከፊት ሰኩት። ከኋላ ሰማያዊው ዩኤስቢ ሦስት አጠገብ ከሆነ ሞገዱ ሊረበሽና ኪቦርዱ ሊዘል፣ ፊደል ሊበላ ይችላል።

ኪቦርድ ባይኖርም ስልካችሁ ሪሞት ይሆናል። ኮዲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ፊልሞቻችሁን ከሩቅ በሚነበብ ትልልቅ ጽሑፍ ይደረድራቸዋል። ኮዲ ፊልም አይሰጥም፤ ያላችሁን ነው የሚያሳየው። ለአንድሮይድ ኮሬ የሚባል የራሱ ሪሞት አለው። ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው፤ የስልክ ሆትስፖትም ይሆናል። ሪሞቱ ራሱ ዳታ አይቆርጥም፣ ምክንያቱም ትእዛዙ ከቤት አይወጣም።

ለዶክመንት ደግሞ ከሶፋው ፊደሉ ካልታየ በዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ስኬሉን 150 በመቶ አድርጉት።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

እህቴ ትምህርት ቤት የሚጠይቋት ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይ ስለሆኑ እኛ ዊንዶውስ 11 ጫንን። እንደዚያ ያለ ግዴታ ከሌለባችሁ ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል፣ ለደኅንነቱም ማሻሻያ ይመጣለታል። ከሊብሬ ኦፊስ ጋር ነው የሚመጣው። አማርኛም ይጻፍበታል። የአማርኛ ጽሑፍ ፊልም ላይ ካሬ ካሬ ሆኖ ከታያችሁ የተመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ በቪኤልሲ የጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም ኒያላን ምረጡ።

ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ፊልም ስታዩ ከተቆራረጠ ኢንተርኔቱን ብቻ አትውቀሱ። ማሽናችሁ የማያውቀውን ኤቪ 1 እየላከለት ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩ ላይ የሚጫኑ፣ ዩቲዩብ ኤች 264 እንዲልክ የሚያስገድዱ ነፃ ጭማሪዎች አሉ። ያኔ ጥራቱ ከ1080 አያልፍም፤ ለሳሎን ግን በቂ ነው።

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቢኖረኝስ?

ካለ ምንም አትግዙ። 7ኛ ወይም 8ኛ ጀነሬሽን ከሆነ ያው ሥራ ይሠራል። ኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ቲቪውን ብቻ ስክሪኑ አድርጉት። ባትሪው ትንሽም ቢይዝ ዩፒኤስ ሆነላችሁ ማለት ነው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በፓወር ኦፕሽን ውስጥ «ምንም አታድርግ» በሉት። ግን ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፤ ብዙ ላፕቶፕ ከኪቦርዱ በኩል ይተነፍሳል። ባትሪው አብጦ የታችኛውን ሽፋን ከገፋው ግን ሳታመነቱ በባለሙያ አስወጡት፤ ብዙ ላፕቶፕ በአስማሚው ብቻ ይሠራል።